ጸሐፊው ነው ያልነው እኛ ብቻ ነን

ውድ ኮማንደር፣

ይህን የምጽፍልሽ የቀኝ እጄ ጥፍሮች ደማቅ ቀይ ተቀብተው፣ የግራዎቹ እንደ ሁልጊዜው ባዷቸውን ሆነው ነው። አትሳቂ። እንዴት እንደዚህ እንደሆንኩ እስክነግርሽ ድረስ ሳቅሽን ያዢልኝ፤ ከዚያ በኋላ እንዳሻሽ።

ምነው አልደወልሽም ትዪኝ ይሆናል። ብደውል ሥራ ላይ ነኝ ትዪኛለሽ። በድምፅ ብልክልሽ ደግሞ ያቺ ጥፍር ሠሪ አጠገብሽ ተለጥፋ ትሰማዋለች፤ ባለፈው ስትመልሺልኝ ከኋላሽ ስትንከተከት ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ለሻምፖ አከፋፋዩ እሰጠዋለሁ፤ እኛም ሳሎን እናንተም ሳሎን የሚመጣ እሱ ብቻ ነው። ከእጇ ሌላ እጅ እንዳይነካው፣ በተለይ ጥፍር የምትሠራ እጅ፣ ብዬ አስምዬዋለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ፤ ቀንቻለሁ። ባሌን የነጠቁኝ ይመስል እህል አልወርድ ብሎኝ ነው የሰነበትኩት። እትዬ እንኳን ታዝበውኛል። «አንቺ ልጅ፣ የደንበኛውን ፀጉር ነው የምታደርቂው ወይስ የምትጠብሺው?» አሉኝ ሳሎናቸውን በሞላው ሰው ፊት። ፎኑን አጠፋሁና ጓዳ ገብቼ ፎጣ የማጥፍ መስዬ አለቀስኩ።

ያስለቀሰኝ የድራማው ተከታታዮች ግሩፕ ላይ የጻፈችው ነው። «የእሑዱን የመጨረሻ ክፍል ኮማንደሬ እኔ ቤት ነው የምታየው፤ ስክሪኑ ግድግዳ ያክላል።» ኮማንደሬ! መቼ ነው የእሷ የሆንሽው? ያንን ስም እትዬ ሲያወጡልሽ የት ነበረች? አንቺ የደንበኛውን ሁሉ ሚስጥር ስለምትመረምሪ ኮማንደር፣ እኔ አንቺ ያልሽውን ሁሉ አዎ ስለምል ሳጅን። አንቺ ደግሞ ከሥሩ አንዲት ቃል አልጻፍሽም። አይሆንም አላልሽም። እኔ ስልኬን ይዤ መልስሽን ስጠብቅ ሻምፖው ደንበኛዋ ዓይን ውስጥ ገባ።

ቃል መግባባታችንን ረስተሽው ነው? እስቲ ላስታውስሽ።

ድራማው የጀመረ ሰሞን፣ ዳኛው ቢሯቸው ውስጥ ተወግተው ሲገኙ፣ አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም «የወጋቸው ሰው ግራኝ ነው» አለች። ማድረቂያው ካስክ እየጮኸ፣ ፎኑ እየጮኸ፣ ያቺን አንዲት ቃል ግን ሁለታችንም ሰማናት። «ሳጅን፣ እጅ እጃቸውን ተመልከቺ!» ብለሽ ስትጮሂ ካስክ ውስጥ የነበረችው ሴትዮ የራሷን እጅ ደበቀች። እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ከዚያ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ብቅ አለ። መነጽሩን ገፋ አደረገና መጻፍ ጀመረ፣ ብዕሩ በግራ እጁ። ማበጠሪያሽ ከእጅሽ ወደቀ። «ያዝነው!» አልሽ። እኔም አዎ ያዝነው አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወንጀለኛ አልነበረንም። ግሩፑ በሙሉ ሾፌሩ ነው ሲል፣ የዳኛው ሾፌር ሲጋራውን የሚለኩሰው በግራው ነው እያለ ሲምል፣ እኛ ግን ሾፌሩ በቀኙ ሲለኩስ በዓይናችን እያየን ምን እንበል? «እነዚህ ሰዎች ቀኝና ግራቸውን አይለዩም እንዴ!» እያልሽ ትናደጂ ነበር። እነሱም አልማሩንም። «እነዚህ ሁለት ሴቶች ጸሐፊው ምን አድርጓቸው ነው? ፍርድ ቤት ጉዳይ አለባቸው?» ብለው ስንት ቀን ተሳለቁብን። እኔ ግን ስድቡም ይጥመኝ ነበር። ሁለታችንን አንድ ላይ ነበራ የሚሰድቡን።

በሌላ ቦታ አናይም ተባብለን ነበር። እኔ ቤት ወንድሞቼና ኳሳቸው ባሉበት ቴሌቪዥኑ የእኔ ሆኖ አያውቅም፤ እናትሽ ደግሞ ከዜና ሌላ አያስከፍቱም፤ በስልክ ማየት ክህደት ነው ያልሽው አንቺው ነሽ። የምሳ ሰዓቱን ድጋሚ ብቻ፣ እዚያችው ጠባብ ሳሎናችን ውስጥ፣ ቆመን፣ እጃችን የሰው ፀጉር ውስጥ ሆኖ። ቴሌቪዥኑ ከጀርባችን ተሰቅሎ፣ ፊታችን ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት። ድራማው ሲጀምር የሚወጣው ጽሑፍ ተገልብጦ ሲመጣ «ፊደሉ ዛሬም ጠጥቶ መጣ» እንባባል ነበር። ፊደሉ መገልበጡን እያየን መሳቃችን ትዝ ይልሻል? እሺ፣ እደርስበታለሁ።

ቃላችን ይኸውልሽ። የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቀን ደንበኛ አንቀበልም። መስታወቱ ፊት ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ እኛው ራሳችን እንደ እመቤት ተንፈላሰን ተቀምጠን፣ ጸሐፊው ካቴና ሲጠልቅለት እናያለን። እትዬ እንኳን ፈቅደውልን ነበር። «ብቻ ስትጮሁ መስታወቴን እንዳትሰብሩ» ነው ያሉት።

ከዚያ ትልቁ ሳሎን ወሰደሽ። መሄድሽን አልቀየምኩም፤ ደመወዙ የተሻለ ነው፣ አንቺም የእናትሽ ነገር አለብሽ። የተቀየምኩት ሌላ ነው። ከሄድሽ በኋላ የምትልኪልኝ ድምፅ ሁሉ ውስጥ እሷ አለች። ትስላለች፣ ትስቃለች፣ «ለማን ነው?» ትልሻለች። ለልደትሽ የለጠፍሽው ፎቶ ላይ ጥፍሮችሽ ሁሉ አበባ ሆነዋል። እኔ ስንት ዘመን ልቀባሽ ስልሽ «ቀለም ይሸተኛል» ስትዪ አልነበር? ለእሷ ሲሆን ሽታው ጠፋ?

ደግሞ ጭጭ አልሽ። ሾፌሩ ነው ሲሉ አትመልሺም፤ እኔ ብቻዬን እሟገታለሁ። አንድ ቀን «ሳጅንዬ፣ ጸሐፊውን እንተወው ይሆን?» ብለሽ ላክሽልኝ። «አንቺንም ገዙሽ?» ብዬ መለስኩና ኮርፌ ሰነበትኩ። እሷ ናት ሐሳብሽን ያስለወጠችሽ ብዬ ደመደምኩ። እና ምን እንዳላት፣ እኔ የሌለኝን ምን እንዳላት፣ በዓይኔ ካላየሁ አላርፍም አልኩ።

ማክሰኞ ሙሽራ ልታስውቢ ከነጋ ቤቷ እንደምትሄጂ ነግረሽኝ ነበር። ያንን ቀን ጠብቄ፣ ከእትዬ እረፍት ለምኜ፣ መሐረቤን እስከ ቅንድቤ አስሬ እናንተ ሳሎን ገባሁ። ጥፍር ልሠራ ነው አልኩ። እኔ! ጥፍሬን በጥርሴ የምቆርጠው ሴትዮ።

ቆንጆ ትሆናለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ደህና ናት፤ ያን ያህልም አይደለችም። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። እጇ ግን ለስላሳ ነው፣ ይህን አልክድም። ቀኝ እጄን ተቀብላ እንደ ሕፃን እጅ ፎጣ ላይ አስተኛችው። ወዲያው ድራማው ጀመረ። እሷ ያስቀመጠችኝ ወንበር ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ያያል።

«ትከታተያለሽ?» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጽሑፉ ወጣ። አልተገለበጠም፤ ይነበባል። እሱን እያደነቅሁ ሳለሁ ጸሐፊው መጣ፣ መነጽሩን ገፋ አደረገ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ መጻፍ ጀመረ። በቀኝ እጁ።

«ሰውዬው እጁን ቀየረ እንዴ?» አልኩ ሳላስበው።

ብሩሿን አንስታ አየችኝና ሳቋ መጣ። «አንቺም? ኧረ ሁሌም በቀኙ ነው! እንዲህ ብላ የደነገጠች ሁለተኛ ሰው ነሽ።»

ቀና ስል ሾፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ ሲጋራ ይለኩሳል። በግራው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ሙግት፣ ያ ሁሉ መሐላ፣ ግሩፑ ሁሉ ላይ ያዘነብነው ስድብ ታወሰኝ። ፊደሉ ሲገለበጥ እየሳቅን የሰውየው እጅ አብሮ መገልበጡ ለአንዳችንም ብልጭ አላለልንም።

«የመጀመሪያዋስ ማን ናት?» አልኳት።

«እዚህ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ ዛሬ የለችም። የመጣች ቀን እንዳንቺው ክው አለች። ለካ የድሮ ሥራ ቤቷ በመስታወት ነው የሚያዩት! ሳቅን፣ ሳቅን፣ ልንሞት ነው የደረስነው። በነጋታው ድራማው ሲጀምር ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወንበሯን አዞረች። ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ በዚያ መስታወት ታየዋለች። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ናት።»

«ለምን?»

«እኔስ ምን አልኳት? እዚያ የቀረች ሳጅን የምትላት ጓደኛ አለቻት። ‹እሷ በምታየው በኩል ካላየሁ ምን ብዬ አወራታለሁ?› ትለኛለች። ንገሪያትና ይለይለት ስላት ደግሞ ‹አንድ ጊዜ ሞክሬ ተኮርፌያለሁ። ብቻዋን ሆና ከምትሰማው አጠገቧ ሆኜ ትወቀው› አለችኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እውነቱን ልንገርሽ የኔ እህት? እቀናለሁ። ያቺ ሴትዮ ምን እንዳስነካቻት እንጃ። እሑድ ቤቴ ነይ ብዬ ለምኛታለሁ፣ ግሩፕ ላይ ሳይቀር ጽፌያለሁ፣ እሺም እምቢም አላለችኝ።»

እጄ እጇ ውስጥ ነው። ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት። «አትንቀሳቀሺ፣ ይበላሻል» አለችኝ።

አልዋሽሽም፣ ኮማንደር። እሷ እኔ ላይ ስትቀና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን ጠጣ። ከዚያ ደግሞ «ሳቅን፣ ሳቅን» ያለችው መጣብኝ። ወንበርሽን ለእኔ ብለሽ ማዞርሽን ሰምቼ ላመሰግንሽ ሲገባኝ፣ የገረመሽ ቀን አጠገብሽ የነበረችው እሷ መሆኗ ነው ያቃጠለኝ። ስሕተቱን አብረን አሳድገነው፣ ሲፈነዳ የሳቅሽው ከእሷ ጋር! ያ ሳቅ እኮ የእኔ ነበር። እኔ ማክሰኞ ብቻዬን፣ በመሐረብ ተከናንቤ፣ ከማላውቃት ሴት ፊት ነው የሰማሁት። አንቺ እንዳይሆን ብለሽ የፈራሽው ነገር በገዛ እግሬ ሄጄ ደረሰብኝ።

ልቅሶዬ ሳይቀድመኝ ተነሣሁ። ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ «የኔ እህት! ግራ እጅሽስ?» ብላ ስትጠራኝ ሰማሁ፤ አልዞርኩም። ማን ነበረች ብትልሽ አሁን አወቅሽ።

እትዬ ይኼን እጄን ሲያዩ ግማሽ ሙሽራ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አገጫቸውን ይዘው መስታወቱን አዩት፣ ቴሌቪዥኑን አዩት፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔም ጸሐፊው ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ እኮ!» አሉ። ደስ አላለኝም። ካንቺ ጋር መሳቅ ነው ያማረኝ።

ስለዚህ እሑድ ነይ። በሩን እዘጋለሁ፣ ካስኮቹን አጠፋለሁ፣ ሁለቱን ወንበሮች ጠርጌ አዘጋጃለሁ። ሾፌሩ ነው ይባል፤ ይታሰር፤ እኔ እንደሆነ ጸሐፊውን አለቀውም። በእኛ መስታወት ውስጥ ግራኝ ነው፣ በዚያው ይጽና። አንቺም የሚጽፍበትን እጅ እንደ መጀመሪያው ቀን አይተሽ ማበጠሪያ ጣዪልኝ። ያመለጠኝን ሳቅ ከነወለዱ ነው የምፈልገው።

ጥፍር ሠሪዋንም ከፈለግሽ ይዘሻት ነይ። ሦስት ቀን አስቤ ነው ይህችን መስመር የጻፍኳት፣ አትቀልጂባት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደግሞም የግራ እጄ ይቀራታል። ግን አስቀድመሽ ንገሪያት፤ መስታወቱ ፊት ያሉት ወንበሮች ሁለት ናቸው። ለእሷ ከጓዳ ዱካ አወጣላታለሁ፤ ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ትመልከት።

እስከ እሑድ ኩርፊያዬን እንደያዝኩ የምጠብቅሽ፣
ሳጅንሽ