እናቴ ቁልፉ የሚባል ልጅ አልወለደችም

ጋምቤላ፣ ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ውድ ዲዩ፣

ይሄን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም፤ የት ብዬ እልከዋለሁ? የምለጥፈው እዚያው ያንተው ዌብሳይት ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ወደሚቀጥለው ገጽ አዛውሬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻውን አኖረዋለሁ። አንተ ባታነበው እንኳ ያነበበ ሰው ያደርስልሃል ብዬ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን ነገር ደግሜ ስነግርህ "የሰይዳ ወሬ መቼም አያልቅ" እንዳትለኝ። ግማሹ ላንተ ነው፣ ግማሹ አንተን ለማያውቅ ሰው። የአማርኛ ፊደል በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሣጥን ሣጥኑ ብቻ ስለሚታይ፣ ጽፌ ስጨርስ እንደ ፎቶ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ እጨምርበታለሁ፤ እንግሊዝኛዬን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ሱዳን ውስጥ ናስር ሁን አኮቦ ሁን አላውቅም። ስላንተ ሲያወሩ "ነበር" የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ "ነህ" ነው የምለው።

የማያውቅህ ይወቅህ፤ አንተ የባሮ ማዶ ቡድን በረኛ ነህ። ቁመትህ ረጅም፣ ንግግርህ አጭር። ጎል ስለማይገባብህ የከተማው ልጅ በሙሉ "ቁልፉ" ብሎ ይጠራሃል፤ እኔም ያልኩህ እንደዚያው ነበር። በ83 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ኢታንግ ካምፕ የነበረው ስደተኛ በሙሉ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ሲሸሽ፣ በዚያ ዝናብ መሐል ከእናትህ እጅ አምልጠህ የቀረህ የስድስት ዓመት ልጅ እንደነበርክ፣ አንዲት የኒውላንድ ሰፈር ሴት አንስታ እንዳሳደገችህ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ቁልፉን ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ የጨርቅ ነጋዴው የሙሐመድአሚን ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ። አጎቴ ሷሊህ የጽሕፈት ቤት አለው፤ ማመልከቻ ይተይባል፣ ኮምፒውተርም ያስተምራል። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው እሱ ጋ ነው። ስለ ዌብሳይት አሠራር የሚናገር አሮጌ መጽሐፍ ነበረው፤ እሱ ገልጦት አያውቅም፣ እኔ ግን ገጹ እስኪላቀቅ አነበብኩት። ከዚያ የማን ዌብሳይት ልሥራ? ሌላው ዓለም ስለ ዘፋኝና ስለ ፊልም ሠሪ ይሠራል። እኔ እሁድ እሁድ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ የማየው አንድ ሰው ነበረኝ። እናቴ "ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ጥሏት?" እያለች ብትቆጣም ሄጃለሁ።

ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ያንን ዌብሳይት ኢንተርኔት ላይ ሆኖ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም። መብራት በሚመጣበት ሰዓት ኮዱን እጽፋለሁ፣ ፍሎፒ ላይ እገለብጣለሁ። ፍሎፒው እርጥበት እንዳይገባው በላስቲክ ተጠቅልሎ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል፤ እዚያ ሻንጣ የሚጭነው አቶ እንየው ለሚያውቀው ተሳፋሪ ይሰጥልኛል። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ፈይሰል ይቀበለዋል። መርካቶ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እሱ ይጭነዋል። ገጹን ያየ ሰው የእንግዳ መዝገቡ ላይ አስተያየት የጻፈ እንደሆነ ደግሞ አትሞ በአውሮፕላን ይመልስልኛል። አንዲት መስመር ለማረም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ግን ማረም አይሰለቸኝም ነበር። ዳራውን ጥቁር አደርጋለሁ፣ ሰማያዊ አደርጋለሁ፤ ጽሑፉን አሯሩጠዋለሁ፣ ብልጭ ድርግም አስብለዋለሁ። ከላይ ኮከብ የሚያዘንብ ነገር አግኝቼ እሱንም ጨመርኩ። አጎቴ አይቶት "ይሄ የሰው ገጽ ነው የሠርግ ድንኳን?" አለኝ።

አንተን ጠርቼ ያሳየሁህ ቀን ትዝ ይልሃል? ጎንበስ ብለህ ብዙ አየህና "እኔ የት ነኝ?" አልክ። ኮከቡ ፊትህ ላይ እየዘነበ ነበር። "ይኸው እኮ!" ብዬ በጣቴ አሳየሁህ። ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ከፈይሰል የመጀመሪያው ወረቀት መጣ። ካርቱም ያለ፣ ናይሮቢ ያለ፣ አውስትራሊያ ያለ ሰው ጽፏል። ሁሉም ኑዌር ናቸው፤ ጋምቤላ የሚለውን ቃል ሲፈልጉ ነው ያገኙን። የሚጠይቁት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ልጅ የማን ልጅ ነው? እኔ ተናደድኩ። ያዳነውን ፍጹም ቅጣት ምት ጽፌላቸው፣ ከመቱ ከተማ ቡድን ጋር የተጫወተውን ጽፌላቸው፣ የማን ልጅ ነው ማለት ምንድነው? እየሳቅሁ አነበብኩልህ። አንተ አልሳቅክም። ወንበር ስበህ ተቀመጥክ።

"ሰይዳ፣ ሰዎቹ ትክክል ናቸው" አልክ።

"በምን?"

"እኛ ጋ ሰው የሚፈለገው በአባቶቹ ነው። ቁልፉ ስም አይደለም። እናቴ ቁልፉ የሚባል ልጅ አልወለደችም።"

ስለ ኢታንግ የነገርከኝ ያን ቀን ነው። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ሳትተነፍስ ጠራሃቸው፦ ዲዩ፣ ጋትሉዋክ፣ ኮንግ፣ ቱት፣ ዶፕ፣ ቾል፣ ቦል። ከዚያ የእናትህን ስም ለብቻው አልክ፦ ኛሩአች። ከካምፑ ይዘኸው የወጣኸው ሌላ ነገር እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ስንት ወር ሙሉ ፎቶህን ስደረድር ኖሬ አንተን አላየሁህም።

ገጹን እንደ አዲስ የሠራነው አብረን ነው። ኮከቡ ወጣ፣ የሚሯሯጠው ጽሑፍ ወጣ። ነጭ ዳራ፣ አንድ ፎቶ፣ ስሞቹ ከሥር። እኔ ትልቁን አያት ከላይ፣ አንተን ከታች አድርጌ ነበር፤ እንዲያ ያምራል ብዬ። "አይሆንም፣ ከእኔ ነው የሚጀምረው" ብለህ አስገለበጥከኝ። ቁልፉ የሚለውን ላጠፋው ስል ግን "እሱን ተይው፣ ሰፈር ይቀየማል" አልክና ትንሽ አድርገን ጥግ ላይ ተውነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር በሱቁ በር ታልፋለህ፤ አትጠይቅም፣ ታየኛለህ ብቻ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አንተ ትሄዳለህ። መጀመሪያ የላክነው ፍሎፒ ተበላሽቶ ደረሰ። ሁለተኛውን ፈይሰል ጫነው፤ ግን ማንም አልጻፈም። ክረምት ገባ፣ ባሮ ሞላ። ጀልባ ወደ ናስር መውረድ ሲጀምር፣ ከኢታንግ የሸሹት እዚያ ናቸው የሚል ወሬ ሰማህ።

ልትሰናበተኝ ስትመጣ አባቴ ጨርቅ እየለካ ነበር። ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ቆምክ። "ነገ እወርዳለሁ" አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? "የእሁዱስ ግጥሚያ?" አልኩህ። "ሌላ በረኛ ይገኛል" ብለህ ፈገግ አልክ። ዲዩ፣ ስለ ግጥሚያው መቼ አስቤ። አትሂድ ማለቴ ነበር። እወድሃለሁ ማለቴ ነበር። አባቴ ኢንተርኔት አያነብም፤ ቢያነብም ያንብበው። እኔና አንተ እንደማይሆንልን ያኔም አውቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሳትሰማው መሄድህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ከመስቀል በፊት አቶ እንየው የፈይሰልን ፖስታ አመጣልኝ። ናይሮቢ የሚማር አንድ ሰው ነው የጻፈው። "ጋትሉዋክ ኮንግ የአባቴ ወንድም ነው" ይላል። "በውጊያ ሞቷል። ሚስቱ ኛሩአች ግን በሕይወት አለች። አምና ከሱዳን ወጥታ ፉኝዶ ካምፕ ገብታለች። ልጇ እንደ ሞተ ነው የምታውቀው።"

ፉኝዶ። ጎግ ወረዳ። ከዚህ መኪና ተነሥቶ በዚያው ቀን የሚደርስበት። አንተ ናስር ስትወርድ እናትህ ከኋላህ ነበረች። ወረቀቱን ይዤ ወደ ወንዙ ሮጥኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንተ ከሄድክ ወር አልፎሃል። ጀልባ ቀዛፊዎቹን ጠየቅኩ፤ ናስር እንዳወረዱህ፣ ከዚያ ከሰዎች ጋር በእግር እንደቀጠልክ ነገሩኝ። በወረደ ጀልባ ሁሉ መልእክት ላክሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ተኩስ አለ ተባለ። የሚወራው ብዙ ነው፤ አንዱንም እዚህ አልጽፈውም።

አጎቴ ሷሊህ ፉኝዶ እህል ለሚያደርስ ሹፌር ነግሮ እናትህን አስመጣልን። የይለፍ ወረቀቷን በጨርቅ ቋጥራ፣ ብቻዋን መጣች። ቁመትህ ከማን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። አማርኛ ስለማትችል ጎረቤታችን ኛማል አስተረጎመችልን። ወደ ናስር እንደሄድክ ስንነግራት አልጮኸችም። "መሄዱን አያችሁ? በእግሩ ሄደ?" አለች። "አዎ፣ በእግሩ" አልናት። "እንግዲያው ሕያው ነው" አለችና ተቀመጠች።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፎቶህን አሳየኋት፤ ያቺን ወደ ግራ ዘልለህ አየር ላይ ያለህባትን። ብዙ አየችው።

"ለምንድነው የሚወድቀው?" አለች።

"አልወደቀም፣ ኳስ እየያዘ ነው።"

"ያዘው?"

"ይዞታል" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከሥር የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ማንበብ አትችልም። እኔ በዚህ በሐበሻ አፌ ስሞቹን አነበብኩላት፦ ዲዩ፣ ጋትሉዋክ፣ ኮንግ፣ ቱት፣ ዶፕ። እጇን አነሣች። "ቱት ዶፕን አልወለደም" አለች። "ቱት የቢየል ልጅ ነው፣ ቢየል ነው የዶፕ ልጅ። ቢየልን ዘሎታል።" እኔ ደነገጥኩ፤ ሌላ ሰው ሆነህ፣ ሌላ እናት አምጥተን እንዳይሆን ፈራሁ። እሷ ግን ያን ጊዜ ነው ፊቷን በሁለት እጇ የሸፈነችው። ኛማል እያለቀሰች ተረጎመችልኝ፦ "አባቱ ጦር ሜዳ ስለነበር ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ቢየልን ይዘለዋል። ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር። ልጄ ነው።"

ቢየልን አስገብቼዋለሁ፤ ከቱት ቀጥሎ፣ ከዶፕ በፊት። በፍሎፒው ላይ ከዚህ ደብዳቤ በስተቀር ያለው ለውጥ እሱ ብቻ ነው። አንተም ካሁን በኋላ ስትቆጥር እንዳትዘለው፤ አደራ ብላለች።

ወደ ካምፑ የምትመለስ መስሎን ነበር። ኒውላንድ ያሉ ኑዌሮች ግን አስጠጓት። ባሮ ሲጎድል ዳሩ ላይ እርጥብ መሬት ይተዋል አይደል፤ ከዚያ ቁራጭ ሰጧት። ይሄን ደብዳቤ ልጽፍ ስል "ለልጅሽ ምን ልበልልሽ?" ብዬ ሄጄ ጠየቅኳት። እየቆፈረች ነበር። ቀና ብላ አሰበች።

"እናትህ እየጠበቀችህ ነው አትበይው" አለች። "እየተጠበቀ መሆኑን ያወቀ ሰው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ በመጥፎ መንገድ ይመጣል። በቆሎ ዘርታለች በይው። የዘራ ሰው ከቦታው እንደማይነሣ ያውቃል።"

ዘርታለች፣ ዲዩ። ትናንት ሄጄ አየሁት፤ በቅሏል።

ሰይዳ ሙሐመድአሚን