በበሩ ጀርባ ስለተሰቀለው ማስጠንቀቂያ

ለአደገኛ ዕቃዎች ክምችት ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

የልጄን ሁለት ዓይኖች ያጠፋው መሥሪያ ቤትዎ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ስለ ጤንነትዎ ልጠይቅ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከርማችኋል? በተለይ ዓይንዎ ደኅና ይሆን? በቀን ያን ያህል ወረቀት የሚፈርም ሰው ዓይኑ ይደክማል ብዬ አስባለሁ፤ ምንም እንኳ የሚፈርሙትን ስለማንበብዎ እስካሁን ማስረጃ ባላገኝም።

እኔ በያጅ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በካርቶንና በበርሜል ላይ ከተጻፈው ነው። በበርሜል ላይ የተጻፈን ነገር ሰው ሁሉ ሊያነበው ይገባል ብዬ የማምነውም ከዚያ የተነሣ ይሆናል።

ከብየዳ ቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን አለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚቀመጥበት ካርባይድ ነው። ካርባይድ ሲያዩት ግራጫ ጠጠር ይመስላል፤ እኛ ለብየዳ የሚሆን ጋዝ እናወጣበታለን። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ማንንም አይነካም። ውኃ ሲነካው ግን ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አርባ ዓመት መበየድ ይበቃል። በርሜሎቹ ሲራገፉ ባየሁ ሰሞን ሦስት ማመልከቻ ያስገባሁት፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያው ይነገር፣ በሩም ላይ ምልክት ይሰቀል ብዬ ነበር። ሁለቱም ጥያቄዎች በራሳችሁ መመሪያ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ እኔ ከኪሴ ያወጣሁት የለም።

ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ምልክቱ እንዲሰቀል ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ጥሩ ምልክት ነበር፤ ቀይ፣ ባለ ትልልቅ ፊደል፣ «ካርባይድ፤ በውኃ አታጥፉ» የሚል። የተሰቀለው ግን በበሩ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል ነው። መጋዘን ጠባቂውን ሄጄ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ በሩ በውጭ በኩል ገና መቀባቱ ነው፤ በምስማር እንዳትበሱት ተብለናል። ደግሞስ ውጭ ብንሰቅለው ፀሐይ አያደበዝዘውም?» አለኝ። ያ በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ሲዘጋ ምልክቱ ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ ሲከፈት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ማንበብ የፈለገ ሰው ገብቶ፣ በሩን በራሱ ላይ ዘግቶ፣ መብራት ማብራት ነበረበት። ፀሐይ እንዳላደበዘዘው ግን እመሰክራለሁ።

2. ተቆጣጣሪ ስለላኩም አመሰግናለሁ። በእጁ የያዘው ቅጽ «ምልክት አለ ወይስ የለም» ይላል እንጂ የት እንደተሰቀለ አይጠይቅም። መንገድ ላይ አስቁሜ በሩን ባሳየው፣ «አባቴ፣ ቅጹ ያልጠየቀኝን ልመልስ እንዴ?» ብሎ «አለ» በሚለው ላይ አሰመረና ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጄን ጨብጦኝ ነው የሄደው።

3. ለእሳት አደጋ ጣቢያው ስለጻፉት ደብዳቤ ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። ማኅተም የምትመታው ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበረች ደብዳቤው እስክትመለስ በትዕግሥት ጠብቋታል። ለጣቢያው የደረሰው እሳቱ ከጠፋ በዘጠነኛው ቀን ነው።

እሳቱ የተነሣው ከቀትር በኋላ ነበር። የመብራት ገመድ ተቃጥሎ ባዶ ካርቶን ላይ ወደቀ። ጠባቂው ምሳ ላይ ነው፤ እኔ ብረት ልገዛ ወጥቻለሁ። ልጄ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። የሚኖረውም የሚሠራውም በከተማው ሌላ ጫፍ ስለሆነ መጋዘኑን የሚያውቀው በእህልነቱ ነው። የዚያን ቀን ቱቦውን የያዘው እሱ ነበር። በሩን በርግዶ ገባ፣ በሩ ከግድግዳው ጋር ተለጠፈ፣ ውኃውን ለቀቀ።

ለምን አልነገርከውም ትሉኝ ይሆናል። አልነገርኩትም። ነገሩን በደብዳቤ የያዘው መሥሪያ ቤት እያለ በእሑድ ምሳ ላይ ለልጄ ማውራት ሥርዓት መዝለል መስሎኝ ነው። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ከእናንተ ጋር አልካፈለውም።

4. መጋዘኑ ታድሷል፤ ካርባይዱም ተመልሷል። አዲሱ በር በውጭ በኩል ሰማያዊ ተቀብቷል፤ አዲሱ ምልክት በጀርባው ነው። ስለዚህ እኔ በብየዳ ቤቴ የብረት በር ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው፣ «ፊት ለፊት ያለው ካርባይድ ነው፤ ውኃ አታስነኩ» ብዬ በነጭ ቀለም ጻፍኩ። ለሦስቱ ማመልከቻዎቼ ከ«ደርሶናል» በቀር መልስ ያልነበረው ጽሕፈት ቤት፣ ለዚህኛው በአራተኛው ቀን መልስ ሰጠ፤ ማኅተሙም ሳይቀር ተመትቶበታል። «ያለ ፈቃድ በቀለም የተጻፈው ማስታወቂያ የመንገዱን ገጽታ ስለሚያበላሽ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲደመሰስ፣ ባለጉዳዩም ቀርበው በቃል እንዲያስረዱ» ይላል።

ሥርዓት አክባሪ ነኝና ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ቀለሙን በቤንዚን አጥቤ አስለቅቄዋለሁ። በምትኩ ያንኑ ቃል ከወፍራም ላሜራ ፊደል በፊደል ቆርጬ በሩ ላይ በይጄዋለሁ። ደብዳቤዎ ስለ ቀለም እንጂ ስለ ብረት የጠየቀኝ ነገር የለም፤ ያልተጠየቁትን አለመመለስ ደግሞ ከተቆጣጣሪዎ የተማርኩት ነው።

ማኅተምዎ ከእጅዎ እንዳይለይ፣ የቢሮዎ በርም ወደ ውጭ የሚከፈት እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ሳላጓድል፣

ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስት ጊዜ «ደርሶናል» የተባለው፣
ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ያለው በያጅ

ከፊርማዬ በታች፦ ብየዳው እንደቀዘቀዘ ልጄን እጁን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኩት። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጣቱ እየዳሰሰ አነበበው። «አባዬ፣ የውኃዋ ‹ው› ጠማለች» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ ነቅዬ አቃናኋት። እርስዎም ሁለት ዓይን ስላለዎት በዚያ ሲያልፉ ሳይቸገሩ ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀርበህ በቃል አስረዳ ስላሉት ግን አልመጣም። ያለኝን ሁሉ በሩ ላይ በይጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር ለእርስዎም ሆነ ለሌላ ሰው አንዲት ቃል አልተነፍስም።