አንድ «ዌር» ለሁሉም

ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ዛሬም የእንግሊዝኛው «ዌር»። ስምረት ዓርብ ጊጊሪ የሚባል ሰፈር አንድ የሕፃናት መዋያ ኢንተርቪው አላት። ልጆች ማልበስ፣ ማጫማት የሥራው ግማሽ ነው፤ አስጠኚዋ እኔ፣ የቤት ተጋሪዋ። ቃሉ አልዋጥላት አለ። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ሽቶ እንቀባለን። ፈረንጅ ለሁሉም አንድ «ዌር»። ስንፍና ነው አለችኝ። ሳቅን።

ማክሰኞ፣ 7 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ይህን የምነግረው ላንቺ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ደወሉ። የስምረት አባት አገር ቤት፣ አዲስ አበባ አርፈዋል። ትናንት ተቀብረዋል። መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳልል አሉኝ። ሥራው እንዳያመልጣት ነው። እሺ አልኩ። ምን ልበል?
ሳታውቀው ጥቁር እንዳትለብስ፣ ለኢንተርቪው ላውሳት የነበረውን ጥቁር ቀሚሴን ሻንጣ ውስጥ ደበቅኩት። ተቀዷል አልኳት። እኔና ውሸት አንተዋወቅም፤ ፊቴ ጋለ።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት
በ«ዌር» ዓረፍተ ነገር ስሪ ብያት አሥር ጻፈች። ሦስተኛው ሲተረጎም፦ አባቴ መነጽር ያደርጋል።
ራይት አደረግኩበት። ወደ አራተኛው አለፍኩ።
አገር ቤት ስልክ አያነሱም፣ ኔትወርክ ይሆን እንዴ አለችኝ። ይሆናል አልኩ። ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት
ኢስሊ ገበያ ደርሰን መጣን። ለነገ ሸሚዝ ገዛች። ልንወጣ ስንል አንድ የወንድ ሹራብ አነሳች፣ ሰማያዊ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝታለች። ትከሻዬ ላይ ለካችው።
«አንቺም እንደ አባዬ ትከሻሽ ሰፊ ነው። ከበቃሽ ይበቃዋል።»
ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ኮራ ብላ፦ «ሂ ዊል ዌር ኢት።»
አንዲት ስህተት የለውም። እንኳን ጎበዝ ልላት፣ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ያው ሐሙስ፣ 10 ሰዓት ተኩል
ዛሬ ከነገርኳት ሥራው ሊቀር ይችላል። ሥራ ከፈታች ሁለት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከተነገራት ግን ሹራቡ ትከሻዬ ላይ ሲለካ ዝም ማለቴን መቼም አትረሳውም። እኔም አልረሳውም።
ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። አልጠብቅም አልኳቸው። ተቆጡ፤ መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም አሉ። እንግዲያው ሰው ይዘው አሁኑኑ ይምጡ አልኩ። በኪሌሌሽዋ በኩል መንገዱ ዝግ ነው፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል አሉ። አንድ ሰዓት አልችልም።
ስምረት ሳሎን ነች። ሹራቡን እያጣጠፈች ታንጎራጉራለች።
ጥቁሩን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ ለበስኩ። የመኝታ ቤቴን በር ስከፍት ታየዋለች።