በአራተኛው ገጽ የሞቱት ሽማግሌ

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክሊል፣

«ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ውዱ» የምትለዋን ሰረዝኳት። ቀጥዬ «ባለቤቴ» የሚለውንም ልሰርዝ ስል ልጅህ ሲና እስክሪብቶውን ለቤት ሥራዋ ወሰደችብኝ፤ ስትመልስልኝ ሌላ ወረቀት አወጣሁና ስምህን ብቻ ጻፍኩ። እኛ ደኅና ነን፤ እናቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። ብርዱ ጠንክሯል፤ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጣቶቼ መቀስ አልይዝ ይሉኛል። አንተ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ፀሐይ እየሞቅክ እንደምትጽፍ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛውን መጽሐፍህን ለሲና ልደት በላክኸው ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ከሽፋኑ ውስጥ «ለኢየሩ፤ እንደምትወጂው ተስፋ አደርጋለሁ» ብለህ ፈርመህበታል። እንደ አንባቢ ጠየቅኸኝ ማለት ነው። እንግዲያው እንደ አንባቢ ልመልስልህ፦ አልወደድኩትም፤ ተቃጥያለሁ። እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ፣ ግን ምን እንዳቃጠለኝ ካልነገርኩህ ያንቀኛል።

የመጀመሪያውን፣ «አረንጓዴ ጥለት»ን፣ ያልወደደ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔም ወድጄው ነበር። ቶማስ የሚባል መምህር ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ ሽሮ ሜዳ ይመጣል፤ ጥለቱ አልሆነልኝም እያለ እየደጋገመ ይመልሳል፤ በመጨረሻ ሻጯ ሮሐ «ወይ እናትህን ይዘሃት ና፣ ወይ እውነቱን ተናገር» ትለዋለች። አገሩ በሳቅ ሞተ። ሮሐ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ስለሚያውቅ ልጃገረዶች ሱቄ በር ላይ ፎቶ ሲነሡ ከረሙ። ምላሴም ቁጣዬም፣ ደንበኛ ሲከራከረኝ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጥበት አኳኋን ሳይቀር እዚያ አለ። በዚያ አልተቀየምኩህም።

የተቀየምኩበትን አንተም ታውቀዋለህ፤ ሁለተኛው መጽሐፍህ ግን የማያውቀው ስለመሰለ እኔው ልጻፈው። ከመጋባታችን በፊት ጠፍተህብኝ በነበረ ጊዜ፣ ነጠላ የማደርስ መስዬ ቤትህ ድረስ ፈልጌህ መጥቼ ነበር። «ይህቺ በእኔና በአንተ መካከል ትቅር» አልኩህ፤ ማልክልኝ። እውነት ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ አልከተትካትም። በዚያው በመጀመሪያው መጽሐፍ ምረቃ ቀን ግን ማይክ ይዘህ፣ ሰው ስቆ ስቆ ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ሳቅ ለመጨመር ብለህ አወጣሃት። «እኔ ተመላለስኩ ብዬ ጻፍኩ እንጂ እሷስ ቤቴ ድረስ መጥታ በሬን አንኳኩታለች!» አልክ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ስታደርግ አየኋት። ይዣት ወጣሁ። ማታ ቤት መጥተህ «በሰው ፊት ጥለሽኝ ወጥተሽ አዋረድሽኝ» አልከኝ። እኔ አዋረድኩህ! ከዚያ «ለሁለተኛው መጽሐፍ ጸጥታ ያስፈልገኛል፤ አንድ ወር ብቻ» ብለህ ሄድክ። ይኸው ከሄድክ ሁለተኛው የገና በዓል ሊመጣ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፍህ ልመለስ። ሮሐና ቶማስ ተጋብተው ይጣላሉ። በምን ተጣሉ? ያነበበ ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል። መጽሐፉ «አለመግባባት» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሮሐ ታኮርፋለች። ሳህን ትሰብራለች፣ የጎረቤት ድመት ትሳደባለች፣ አንባቢም ይስቅባታል። መጨረሻ ላይ ቶማስ ዝናብ እየመታው አበባ ይዞ ደጇ ይቆማል፤ «ይቅርታ» ይላል፤ እሷ ትስቃለች፤ በሩ ይከፈታል። ግማሽ ገጽ! እኔ ለአንድ ቀሚስ እጅጌ የምጨነቀው ከዚያ ይበልጣል።

ሽማግሌስ የለም? ጋሽ ግዛቸውስ የት ሄዱ? ብዬ ገጹን ወደ ኋላ ብገልጥ፣ ለካ አራተኛው ገጽ ላይ ገድለሃቸዋል። ያውም በጉንፋን!

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። የሁላችንንም ስም ስትለውጥ «የእኔን እንዳትነካ፤ በስሜ ነው የምገባው» ብለው የተሟገቱህ እሳቸው ናቸው። አንተን ወክለው እኔን ሊጠይቁ አባቴ ቤት መጥተው፣ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ነፍሱን ይማረውና አባቴም «የተኛ ሽማግሌ ቀስቅሶ እምቢ ማለት ነውር ነው» ብሎ ዳረኝ። ከመጀመሪያው መጽሐፍህ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያወራት እሷን ክፍል ነው። ጋሽ ግዛቸውም ቀጨኔ መድኃኔዓለም ደጅ ላይ ያገኙትን ሁሉ «እኔ እኮ መጽሐፍ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ» እያሉ ነው የኖሩት።

እና ያስከተልከውን ስማ። መጽሐፉ ባለፈው ወር በሬዲዮ መተረክ ጀመረ። ተራኪው ድምፁን አሳዝኖ፣ ከኋላው ዋሽንት አስነፍቶ «የቀጨኔው ጋሽ ግዛቸው ዐረፉ» ሲል፣ ደብረ ብርሃን ያለችው የእህታቸው ልጅ ብርነሽ ወጥ እያማሰለች በግማሽ ጆሮዋ ትሰማለች። ትረካ ይሁን ዜና የት ለይታው! ስልክ ብትደውል፣ ጋሽ ግዛቸው እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን ዘግተውታል። ያ ደግሞ አረጋገጠላት። በማግሥቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ከቁልቁለቱ ራስ ጀምራ «አጎቴን! አጎቴን!» እያለች ወረደች። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የእድሩ ዳኛ «እንዴት ሳይነገረኝ?» ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ግዛቸው በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጩኸቱን ሰምተው፣ «እኔን! ማን ሞተብን?» ብለው ዱላቸውን ይዘው ከአልቃሾቹ ጋር ሊያለቅሱ ወጡ። ብርነሽ ስታያቸው መንገዱ ላይ ቁጭ አለች።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቃል። እኔ ግን ያን ቀን የደራሲው ሚስት ነሽ ተብዬ ሱቄን ዘግቼ ተጠርቼ ስሄድ አልሳቅኩም። ጋሽ ግዛቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።

«ኢየሩ፣ ልጄ፣ ምን በድዬው ነው?» አሉኝ።

«ልቦለድ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የመጀመሪያውም ልቦለድ ነበር፤ እዚያ ግን በሕይወት አለሁ። ለምን ገደለኝ?»

«እንግዲህ... ታሪኩ እንዲያሳዝን ይሆናል።»

«አላሳዘነማ! ዋሽንቱን እንኳ ቶሎ ነው ያቆሙት!» በዱላቸው መሬቱን ሲቆፍሩ ቆዩና «መጨረሻው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዝናቡን፣ አበባውን፣ የሮሐን ሳቅ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ። እኔ ካለሁ እኮ አበባ ይዞ ዝናብ ላይ መቆም አይበቃውም። መጀመሪያ እኔ ዘንድ መምጣት አለበት። ምን አጠፋህ? ብዬ እጠይቀዋለሁ። በአፉ መናገር አለበት። እሱን ሽሽት ነው የገደለኝ።»

አክሊል፣ እኔ እዚህ ስብሰለሰል የከረምኩበትን ነገር ነው የነገሩኝ። በሰው ፊት ያዋረድከኝን፣ ሰው በሌለበት፣ በወረቀት ላይ፣ በግማሽ ገጽ ልትጨርሰው አማረህ። በሬዲዮ ቃለ ምልልስህ ላይ ደግሞ «አንባቢዎቼ አስታርቃቸው እያሉ ስለለመኑኝ አስታረቅኳቸው» ስትል ሰማሁህ። አንባቢ ለመነህ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተም እዚያው ወረቀትህ ላይ ታርቀህ ሀዋሳ ቁጭ አልክ።

ቅናት ወይም ቂም ነው እንዳትለኝ የሌላውንም አንባቢ ቃል ልንገርህ። ጎረቤታችን ሊድያ፣ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል የምትሠራው፣ ቅዳሜ ዕለት ወደ ንባብ ክበባቸው ወሰደችኝ። ከዛፎቹ ሥር ሣር ላይ ተቀምጠው በአንተ መጽሐፍ ሲከራከሩ ዋሉ። ማን መሆኔን እሷ ብቻ ነበር የምታውቀው። አንዷ ልጅ በደስታ ማልቀሷን ተናገረች፤ እውነቷን ነው፣ ስትናገርም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢኒያም የሚባል ጎረምሳ «እውነተኛ ፍቅር ሽማግሌ አያስፈልገውም። ተጣሉ፣ ተዋደዱ፣ በቃ!» አለ። ሊድያ ግን «የመጀመሪያዋ ሮሐ ይህችኛዋን ሮሐ ብታገኛት ሱቋ አታስገባትም» አለቻቸው። አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

እኔ ዝም ልል ምዬ ነበር የሄድኩት። አልቻልኩም። «ሽማግሌ የሚላከው ፍቅር ሊያመጣ አይደለም» አልኳቸው። «ጥፋቱ በስሙ እንዲጠራ ነው። በሰው ፊት የተሰበረ፣ በሰው ፊት ይጠገናል።» ቢኒያም ቀና ብሎ አየኝና «ግን እኮ እመቤት፣ መጽሐፉ ላይ ጥፋት የለም፤ አለመግባባት ነው» አለኝ። «እኔስ የምልህ ምን ሆነና!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ልጁ ግን አልተቀየመም። ረጋ ብሎ «እሺ፣ እርስዎ ሮሐን ቢሆኑ በሩን ይከፍቱ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም አፌን አፌን ያዩኛል። እኔም የተደገፍኩት ዛፍ ምን እንደሚባል ሊድያን ጠየቅኳት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልጅህ አሁን አማርኛ እንደ ልቧ ታነባለች። መጽሐፉን ከትራሴ ሥር አውጥታ ገጽ ስትገልጥ ደረስኩባት። የመጀመሪያው ላይ አለመኖሯን ታውቃለች፤ እሱ እስክንጋባ ያለውን ነው የሚተርከው፣ ያኔ አልተወለደችማ። «እማዬ፣ እዚህኛው ላይ እኔ ስንተኛው ገጽ ላይ ነኝ?» አለችኝ። አክሊል፣ እኔን ጅል አድርገህ ጻፈኝ፤ ጋሽ ግዛቸውን በጉንፋን ግደላቸው፤ ልጅህን የት አደረግካት? ባልና ሚስት ሲኮራረፉ የምትጠብቅ ልጅ ካለች ኩርፊያው አያስቅምና ነው የተውካት? «አባትሽ ሲመጣ ጠይቂው» አልኳት። እሷም «መጨረሻው ላይ መጥቷል እኮ» ብላ የዝናቡን ገጽ አሳየችኝ። ትናንት ሲያካፋ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተነሺ አላልኳትም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መጽሐፉ የጎደለው ነገር አለው፤ የጎደለውም በሀዋሳ ጸጥታ የሚገኝ አይደለም። ድንጋይ ተሸክመህ ና አላልኩህም፣ ያ የጥንት ነው። አበባም አልፈልግም፤ ሱቄ ውስጥ ማስቀመጫ ቦታ የለኝም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔም ጾሙ ገብቶ ይህን በሆዴ ይዤ ቤተ ክርስቲያን መቆም ከብዶኛል።

ሀዋሳ ሞቃት ስለሆነ ጋቢህን አልላክሁልህም። ታጥቦ ከቁም ሳጥኑ ላይ አለ። አንተ ካልፈለግኸው ለእናቴ ጉልበት ይሆናታል፤ ለምን እንዳልሰጠኋት አትጠይቀኝ።

ትናንት ልጽፍልህ እንደሆነ ለጋሽ ግዛቸው ስነግራቸው መልእክት ሰጡኝ፤ እንዳለ ላስፍረው። «ያኔ ተኝቼ አጋባኋችሁ በይው። አሁን እርጅና እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ነቅቼ እሰማዋለሁ።»

መድኃኔዓለም መንገድህን ያቅናልህ፤ ብዕርህንም ልብህንም ያብርታልህ። ከእኔ ቁጣ ሁሉ ጋር ይህን ከልቤ ነው የምመርቅህ።

ኢየሩ
(ሮሐ አይደለሁም)

ሲና ስትስምህ ጉንጯን ወረቀቱ ላይ ለጥፋለች፤ የደበዘዘው እሱ ነው። ጋሽ ግዛቸው አልሞቱም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ናቸው፤ በራቸውን አይቆልፉም።