ለአባዬ፣ ስለዚያ ሲንክ

አባዬ፣

ካጣሁህ አራት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነኝ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አላህ ጀነትን ይወፍቅህ ብዬ በየሰላቱ ዱአ አደርግልሃለሁ። እኛ አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። አርዲቦ ያለችውን ማሳህን ዘንድሮ አጎቴ ማሽላ ዘራባት፤ ወፍ እንዳይጨርሰው ራሱ እየዋለ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ላለመናገር ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ሲንኩን ፈታሁት።

መታጠቢያ ቤቱን ያሠራሁት ለአንተ ነበር። ጅዳ ሳለሁ፣ በደወልኩ ቁጥር እማዬ በብርድ ጓሮ ወጥተህ ለሰላት ታጥበህ ውዱእ እንደምታደርግ ትነግረኝ ነበር። እንደተመለስኩ ያን ነጭ ሲንክ ከደሴ አስመጥቼ፣ ባለሙያ ጠርቼ አስገጠምኩት። የመጀመሪያው ቀን ቧንቧውን ከፍተህ ስትዘጋ፣ ከፍተህ ስትዘጋ፣ እየሳቅክ ወደ እኔ ታይ ነበር። እኔ ደግሞ ውሃ አታባክን አልኩህ። አየህ፣ ገና ከጅምሩ ነው መቆጣት የጀመርኩት።

ከማሳ ስትመለስ እግርህን አንስተህ ሲንኩ ላይ ታደርጋለህ። በዚያ ዕድሜህ አንድ እጅህን ግድግዳው ላይ ተደግፈህ፣ የእግር ጣቶችህን አንድ በአንድ እየፈለቀቅክ ታጥባለህ። ጥቂት ወራት እንደቆየ ውሃው አልወርድ አለ። እኔም ሳላጣራ ፈረድኩ። የአክስቴ ልጆች ከውጫሌ ሊጠይቁን መጥተው ሳሎን በተቀመጡበት፣ ሲንክ የእጅ እንጂ የእግር አይደለም፣ የአርዲቦን ጭቃ እያመጣህ ቤቴን ደፈንከው አልኩህ። ቤቴን አልኩህ አባዬ፤ አንተ ጭቃ ረግጠህ፣ እንጨት ተሸክመህ በሠራኸው ቤት።

«እሽ ልጄ» አልክ። ከዚያ ወዲያ የውሃ ጆግህን ይዘህ ወደ ጓሮ፣ ድሮ ውዱእ ታደርግባት ወደነበረችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተመለስክ። እኔ ደግሞ አባቴ ሰማኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በክረምቱ፣ ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ስትታጠብ ድንጋዩ አዳለጠህ። ዳሌህ ተሰብሮ ሃያ ሁለት ቀን ተኛህ። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገብህ ተቀምጬ ሾርባ በማንኪያ ሳጠጣህ፣ ስለዚያ ቃል አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩህም። ይነሳል፣ ይድናል ብዬ ነው። ምን አስዋሸኝ፣ ልክ ነኝ ብዬም ነው። ጀናዛህ ሊወጣ ሲል፣ በእሱ ላይ ሐቅ ያለው አፉ ይበለው ተብሎ ለቀስተኛው ሲጠየቅ፣ እኔም ከሴቶቹ መሃል ሆኜ አፉ ብዬዋለሁ አልኩ። እኔ ነኝ አንተን ይቅር ያልኩህ! እኔን ማን አፉ እንደሚለኝ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ከአንተ በኋላ እግሩን እዚያ ሲንክ ላይ የሚያነሳ ሰው የለም። ውሃው ግን እያደር ባሰበት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤ የልብስ መስቀያ ሽቦ አቃንቼ ከተትኩበት፤ ምንም። ባለፈው ቅዳሜ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ራሴ ልፈታው ተነሳሁ። ከሥሩ ባልዲ አድርጌ፣ ሲፎኑን፣ ያንን የታጠፈ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በጨርቅ ይዤ ጠመዘዝኩት። ጥቁር ግም ውሃ እጄ ላይ ተደፋ። ጣቴን ከትቼ የያዘውን ነገር ሳብኩ።

ጭቃ ነበር የምጠብቀው። የወጣው ጸጉር ነው። ክንድ የሚያህል፣ በሳሙና የተዝለገለገ ረጅም ጸጉር። የእማዬ እንዳልል የእሷ ሸብቷል። ጫፉ ላይ ጅዳ ሳለሁ የተቀባሁት ቀይ ቀለም አለ። ባልዲውን በወንፊት አጠለልኩት አባዬ። መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ አንዲት ቁንጥር አፈር ባገኝ ብዬ፣ ያን ግም ውሃ በጣቴ ስፈትሽ ዋልኩ። የለም። ከእግርህ የወረደ ምንም የለም።

ሲንክን ጸጉር እንደሚዘጋው ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ፣ ስድስት ዓመት የመዳሟንና የልጆቿን ጸጉር ከመውረጃ ስጎለጉል የኖርኩ ሰው ነኝ። የሰው ቤት ሲሆን ያወቅኩትን፣ በቤታችን ሲሆን በአንተ እግር አሳበብኩት።

ሲፎኑን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በዱቄት ሳሙና ፈግፍጌ መለስኩት። የመጋጠሚያውን ላስቲክ ገልብጬው ኖሮ አንጠበጠበ፤ እንደገና ፈትቼ ገጠምኩት። አሁን ውሃው ሳይቆም ይወርዳል።

ለእማዬ ነገርኳት። ሰው ሁሉ እንደሚለው አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ መውደቁ ሰበብ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ያላሰብኩትን አወጣችው። ለካ ታውቅ ነበር። በተቆጣሁህ ማግስት እኔ ገበያ ሄጄ ሳለሁ፣ የመውረጃውን ክዳን በካቻቢቴ አንስተህ፣ ጸጉሩን መዝዘህ አሳይተሃታል። ልንገራት ስትልህ፣ «ተይ በአላህ፤ ጸጉሯ መርገፉን አታንሺባት፤ የሰው አገር ነው እንዲህ ያደረጋት» ብለሃታል። ከዚያ ጆግህን አንስተህ ወጣህ።

ለምን አባዬ? ጸጉሬን ፊቴ ላይ ብትወረውረው ምን ነበረበት? አንድ ቀን አፍሬ፣ አንድ ቀን አኩርፌ ያልፍልኝ ነበር። አንተም ዛሬ እዚህ ነበርክ። ከእኔ እፍረት የአንተን አጥንት መረጥክ፤ እኔ ይህን እንዴት አድርጌ ልሸከመው?

የሟች ሐቅ በምን ይመለሳል ብዬ ሸኹን ጠየቅኳቸው። ዱአ አድርጊለት፣ ሶደቃ አውጪለት አሉኝ። አደርጋለሁ። ያ ለአንተ ይደርስህ ይሆናል፤ የአንተን ድምፅ ግን ለእኔ አያመጣልኝም።

ጎረቤቱ ለአባቷ የምታዝን፣ ለአባቷ መታጠቢያ ቤት ያሠራች ልጅ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ ሰው እንዲያነበው የተውኩት ለዚህ ነው። የማስታውስህ እውነቱን ይዤ ነው። እንዴት ሞተ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ድንጋይ አዳልጦት ብዬ አላበቃም፤ ማን ወደ ድንጋዩ እንደላከህም እናገራለሁ። አፉ በለኝ አባዬ። እንዳልከኝ የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ ቢሆንም በሕይወት እስካለሁ ድረስ መጠየቄን አልተውም።

ልጅህ ዘሀራ