የማይወጋው ንቅሳት

ማክሰኞ

አሁንም ለቀቀ። ጠዋት ክንዴ ላይ ያተምኩት ሐረግ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላሸት መስሏል። ጥፋቱ የቅባት ነው፤ ታጥቤ እንደወጣሁ ተቀብቼ ነበር፤ ቀለም ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ነገ ቆዳዬን በአልኮል ጠርጌ፣ በደንብ አድርቄ እሞክራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ስመኝ እሑድ ታገባለች። አንገቷ ላይ እንደ ድሮ እናቶች ንቅሳት አማራት፤ ግን መርፌ የሌለው፣ ከሠርጉ በኋላ የሚጠፋ። "ካንቺ በቀር ማንም አይነካኝም" ብላኛለች። እንዲያምርላት እፈልጋለሁ።

ረቡዕ

ያዘ! ስስ ወረቀት ላይ በኩል እርሳስ ሣልኩ። የተሣለበትን ገጽ ወደ ቆዳዬ ገልብጬ በእርጥብ ጨርቅ ተጫንኩት። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩ፤ ትርፉን አራገፍኩ፤ ከዚያ የጸጉር ስፕሬይ ራቅ አድርጌ ነፋሁበት። ዕቃ አጠብኩ፣ ዳገት ወጣሁ፣ ላበኝ። ንቅንቅ አላለም።

ራሔል መጣች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ለሠፈሩ ልጆችም እንዲህ ያለ ንቅሳት አብረን ነው የምንሠራው። ክንዴን አየችና "ደብዛዛ ነው፤ ቪዲዮ ላይ አይታይም" አለች። ከቦርሳዋ የጸጉር ማጥቆሪያ ቀለም አወጣች። ከሂና ጋር ቢበጠበጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል አለች። እምቢ አልኩ። እሱ የጸጉር ነው፣ የቆዳ አይደለም። ስመኝ ደግሞ አንዴ ጸጉሯን ስትቀባው ግንባሯ አብጦ ነበር።

"እሺ በቃ፣ አንቺ ፈሪ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ

የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፈቃድ አልሰጥም አለኝ። ራሔል የሙሽራዋን ቀሚስ ከሰፊዋ ተቀብላ እነ ስመኝ ያሉበት ገሳይ ከተማ አደረሰችልኝ። የሣልኳቸውንም ወረቀቶች "ስመኝ ትምረጥ" ብላ ይዛቸው ሄደች። ቅዳሜ እኔው ሄጄ አትምላታለሁ። እንዳልረሳ፦ አልኮል፣ ጥጥ፣ ፓውደር፣ ስፕሬይ፣ አዲስ ኩል።

ራሔል ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

ዓርብ

ስመኝ ስልክ አታነሳም። ሙሽራ ናት፣ ፋታ የላትም። ራሔልን "እነ ስመኝ እንዴት ናቸው?" አልኳት። "ደህና ናቸው" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል። የድስት ጥላሸት ነው አለች። አመንኳት።

ቅዳሜ

ገሳይ ስደርስ ድንኳን ይተክላሉ። አክስቴ ደጅ ላይ አገኙኝ፤ አልሳሙኝም። "ልጄን አቃጥለሽ ልታዪ መጣሽ?" አሉኝ።

ጓዳ ገባሁ። የስመኝ አንገት ቀልቷል፣ አብጧል። እኔ የሣልኩት ሐረግ መስመር በመስመር ውሃ ቋጥሯል።

"ሐሙስ ራሔል ቀባችኝ" አለች እያለቀሰች። "ማህሌት በጥብጣ የላከችው ቀለም ነው አለችኝ። አንቺ ከላክሽው ብዬ ነው አንገቴን የሰጠኋት። ትናንት ሲያብጥ ደውለንላትም የማህሌት ሥራ ነው አለችን።"

"አክስቴ፣ አንቱ እመኑኝ፣ እኔ አልላክኩም" አልኩ። ፊታቸውን አዞሩ። ስመኝን ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ቅባትና ክኒን ሰጧት። መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ደብረ ታቦር እንደተመለስኩ በቀጥታ ራሔል ቤት ሄድኩ። አልካደችም።

"እንዲያምር ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ማን ሠራት እንዲል።"

"ስሜን ለምን ጠራሽ?"

"ያለ ስምሽ አንገቷን አትሰጠኝማ።"

"እሺ፣ ሲያብጥስ? ትናንት ሲደውሉልሽ ለምን እውነቱን አልተናገርሽም?"

"አንቺ ዘመዳቸው ነሽ፤ ውሎ አድሮ ይቅር ይሉሻል። እኔን ማን ይቅር ይላል?"

አስባበታለች። ትናንት "ደህና ናቸው" ስትለኝ ይህን ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር። ያን ቀለም የእኔ አንገት ላይ ብትቀባው ይሻል ነበር።

እሑድ

ስመኝ ተዳረች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ሐብል ሳታደርግ። ፎቶ አንሺው "አንገትሽን ግለጪ" ሲላት ሙሽራው "ተዋት" አለው። ወደድኩት።

እኔ ከዕቃ አጣቢዎቹ ጋር ዋልኩ። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ያቆማሉ። አክስቴ ሁለቴ አለፉኝ፣ እንዳላየ ሰው። ከዚያ ስመኝ አስጠራችኝ። ሚዜዎቹን አስወጥታ ነጠላዋን ገለጠች።

"ቅባቱን አንቺ ቀቢኝ። እጅሽ ቀላል ነው።"

እየቀባኋት አለቀስኩ። "ኩልሽ ሄደ" ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ

ስመኝ ለመልስ ተጠርታ ከእናቷ ቤት ደወለች። ውሃው ደርቋል፣ ማሳከኩም ቀንሷል። ጠባሳ ይተው አይተው ገና አይታወቅም። ለእናቷ ሁሉንም ነግራቸዋለች። አክስቴ ስልኩን ተቀበሏት። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ ልጄ" አሉኝ። ይቅርታ አላሉም። ግን "ልጄ" ብለውኛል፤ ለዛሬ ይበቃኛል።

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። "ማህሌት፣ አለሽ?" የራሔል ድምፅ ነው። በሩን ተደግፌ ቆምኩ፤ አልከፈትኩላትም። ደግማ ጠራችኝ፤ ከዚያ የእግሯ ኮቴ ራቀ።

ከሄደች በኋላ ከፍቼ መንገዱን አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም።