በጨረታ የጣልነውን ላፕቶፕ መልሼ በመግዛቴ ስለተጻፈብኝ ማስጠንቀቂያ

ለደጋ በር ሁለገብ የኅብረት ሥራ ዩኒየን
የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ቢቸና

ቀን፦ ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያው እንዲሰረዝልኝና የዐሥር ላፕቶፖች ግዥ እንዲታገድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሀብትነሽ ፋንታ በዩኒየኑ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። የተከበረው ቦርድ ያልተነገረውን እንዲሰማ ይህን አቤቱታ አቀርባለሁ።

1. በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላፕቶፕ ሊገዛ ሲታሰብ አጥኚ ተባልኩ፤ አጠናሁ። አምስቱ ነባር ላፕቶፖች ሜሞሪና ዲስክ ቢቀየርላቸው ገና አራት ዓመት እንደሚያገለግሉ ጻፍኩ። አዲስ መግዛት የግድ ከሆነም፣ ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ተከፍቶ የሚጠገን፣ ኋላም ሲሸጥ ገዢ የሚያገኝ ይሁን አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ስጦታው ጥናቴን አላነበቡም ብል ስም ማጥፋት ይሆንብኛል፤ ርዕሱን አንብበዋል። ከዚያም አንድ ቀጭን ላፕቶፕ በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «አየሽ? ላባ ነው! ያንቺው ጡብ ነው» አሉኝ። ዩኒየናችንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ላፕቶፕን በክብደቱ የሚመርጥ ድርጅት ሆነ።

2. ስምንት ቀጫጭኖች ተገዙ። ርካሽ እንደነበሩ አልክድም። ሜሞሪያቸው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። በዓመቱ ሦስቱ ሞቱ፤ የሁለቱ ክዳን ከማጠፊያው ተገነጠለ፤ የቀሩት የአባላት መዝገብ ሲከፈትባቸው ቀጥ ይላሉ። አምስቱ ነባሮች ግን ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር በአንድ ጨረታ ተሸጡ። የገዟቸው በሞጣ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያላቸው ወ/ሮ ጦይባ አብዱልሐኪም ናቸው።

3. ሰኔ ላይ ማዳበሪያ መታደል ሲጀምር ለገበሬው «ሲስተም የለም» ተባለ። ሲስተሙ ነበር፤ የሚከፍተው ዕቃ ነው ያልነበረው። ባላቸው የሞቱባቸው ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ የተባሉ አባል አምስት ጊዜ ተመላለሱ። በአምስተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ ስሜ ተጽፏል ብላችሁኛል። እንድትጽፊው አይደለም የመጣሁት፣ እንድታገኚው ነው» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ሄድኩ። ወ/ሮ ጦይባ ከአምስቱ አንዱን ገና አልሸጡትም፤ የንብረት ቁጥራችንም አልተላጠም። «የራሳችሁን ዕቃ ልትገዢ መጣሽ?» ብለው ሳቁ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ግን ሳቁን ትተው፣ ዲስኩን እዚያው ቀየሩልኝ፤ ሜሞሪም ጨመሩበት። በራሴ ደመወዝ ገዛሁት። ቢሮ አምጥቼ የአባላት መዝገቡን ከፈትኩበት፤ በሁለት ቀን ተኩል የማዳበሪያው ሰልፍ አለቀ።

4. ለዚህ ያገኘሁት ምላሽ ሐምሌ 14 ቀን የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጥፋቴም «የተወገደ ንብረት ይዞ መገኘት» ይላል። ደረሰኝ ሳቀርብ አቶ ስጦታው «ደረሰኝማ ማንም ያሠራል» አሉ። በዚያው ሳምንት የሞቱትን ሦስት ላፕቶፖች ለጨረታ አወጡ። የመጡት ተጫራች ወ/ሮ ጦይባ ብቻ ነበሩ። አገላብጠው አዩና፣ «ላነሣላችሁ ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት ከዚያው ዓይነት ዐሥር ይገዛልኝ ብለው ለቦርዱ መጻፍ ነው።

ስለዚህ የተከበረው ቦርድ ማስጠንቀቂያውን እንዲሰርዝልኝ፣ ግዥውንም ጥናቴ ተነብቦ እስኪያልቅ እንዲያግደው በትሕትና እጠይቃለሁ። ስድስት ገጽ ብቻ ነው፤ ከግዥ ደረሰኜ ጋር አያይዤዋለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ ማዳበሪያቸውን ወስደዋል፤ ነገር ግን እስኪያገኙ ዝናቡ ስለቀደማቸው ለስንዴ ያለሰለሱት ማሳ ውሃ ተኝቶበት ሳይዘራ ቀርቷል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። ቦርዱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መልስ ያለው ሰው እንዲልክላቸው እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሀብትነሽ ፋንታ
የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ